ልጅ መርዶ አይነግርም፦ ታዳጊዎችን በአስተርጓሚነት የማሠራት ልማድ በሕግ ይቁም

በሀገር ቤት ወግ መርዶ ሥርዓት አለው። የሞት ዜና የደረሰው ሰው ሮጦ አይናገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ዘመድና ጎረቤት ይጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ሐዘንተኛው ወዳለበት ቤት ይኬዳል፤ በዕድሜ የበሰለ ሰውም ቃሉን መጥኖ ያረዳል። ለዚህ ተግባር ልጅ አይላክም። የሚልክ ቢገኝ ነውረኛ ይባላል እንጂ ብልህ አይባልም።

ይኸው ሕዝብ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በዳላስ ወይም በሚኒያፖሊስ ሐኪም ቤት ሲገባ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። እናት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ከኮምፒውተሩ ያነባል፤ በመካከላቸው ከትምህርት ቤት ቀርታ የመጣች የ14 ዓመት ልጅ ቆማለች። ሐኪሙ ዕጢው ካንሰር መሆኑን በእንግሊዝኛ ይናገርና ዝም ይላል። ተራው የልጅቱ ነው። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ዜናውን የሰማች ልጅ፣ ያረዳች ሽማግሌ፣ እናቷንም የምታጽናና ዘመድ ትሆናለች። ቀጠሮው ሲያበቃ እናት "ጎበዝ ልጅ አለሽ" ተብላ ትሸኛለች።

ትዕይንቱ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም። ከቤት ለማስወጣት የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፣ ፖሊስ በር ሲያንኳኳ፣ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ጥያቄ ሲያቀርብ፣ አባት ከሥራ ሲባረር፣ የታናሽ ወንድም የልዩ ድጋፍ ትምህርት ሲወሰን ያው ልጅ ይጠራል። ማኅበረሰቡ ይህን የልጅ ውለታ ይለዋል፤ ተቋማት ደግሞ የቤተሰብ ትብብር ይሉታል። ትክክለኛ ስሙ ግን ከታዳጊ የሚወሰድ ያልተከፈለ የሙያ ሥራ ነው። ዋጋውን የሚከፍለውም ገና በመገንባት ላይ ያለ አንጎል ነው።

በአፍላው አንጎል ላይ የሚወድቀው ሸክም

አፍላ ዕድሜ ድምፅ የሚጎረንንበትና ቁመት የሚጨምርበት ጊዜ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት ጄይ ጊድና ባልደረቦቹ ልጆችን በየጊዜው በኤምአርአይ እየተከታተሉ በ1999 ያወጡት ጥናት፣ የአንጎል ግንባታ በሕፃንነት እንደማያበቃና በጉርምስናም እንደሚቀጥል አሳይቷል። በእነዚህ ዓመታት የማያገለግሉ የነርቭ መጋጠሚያዎች ይገረዛሉ፤ የሚያገለግሉት ይጠነክራሉ። ስሜትን የሚገራው፣ መዘዝን የሚያመዛዝነውና ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ የሚባለው የፊተኛው ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ከ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። አደጋን ፈጥኖ የሚያስተጋባው አሚግዳላ ግን ከዚያ ቀድሞ ሥራውን በሙሉ ኃይል ይጀምራል። ስለዚህ ታዳጊው ፍርሃትንና ኀፍረትን እንደ አዋቂ፣ አንዳንዴም ከአዋቂ በላይ ይሰማዋል፤ ስሜቱን የሚይዝበት ልጓም ግን ገና እየተሠራ ነው።

በዚህ ላይ የውጥረት ኬሚስትሪ አለ። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ሳሊ ዲከርሰንና ማርጋሬት ኬመኒ በ2004 ባወጡት ጽሑፍ 208 የላቦራቶሪ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ኮርቲሶልን ከሁሉ በላይ የሚያስነሣው ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ለይተዋል። መልሱ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ የሚል ነበር፦ ሰው በሌሎች ፊት ሲመዘንና ውጤቱን መቆጣጠር ሳይችል ሲቀር። ሐኪም፣ ዳኛ ወይም ፖሊስ ፊት ቆሞ የማያውቀውን ቃል የሚፈልግ ልጅ ያለበት ሁኔታ በትክክል ይኸው ነው። ባለሥልጣኑ ይመዝነዋል፤ ወላጁ ይመዝነዋል፤ የነገሩ ፍጻሜ ግን በእጁ አይደለም።

ታዳጊ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሜጋን ጋናርና ባልደረቦቿ ልጆች በመዛኞች ፊት ንግግር እንዲያደርጉ ጠይቀው፣ ከንግግሩ በፊት ወላጅ አጠገባቸው መሆኑ የኮርቲሶል መጠናቸውን ይገታ እንደሆነ መረመሩ። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት የወላጅ መኖር የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን ከውጥረቱ ጋርዷል፤ የ15 እና የ16 ዓመት ታዳጊዎችን ግን እንደዚያ አልጋረደም። በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ለመራቢያ ዕድሜ ያልደረሱ እንስሳት ከውጥረት በኋላ ሆርሞናቸው ወደ ልኩ ለመመለስ ከአዋቂዎቹ የረዘመ ጊዜ እንደሚወስድ አሳይተዋል። ታናናሾች በወላጅ ጥላ ይጠለላሉ፤ አዋቂዎች በራሳቸው ልጓም ይገታሉ። ታዳጊው ከሁለቱም መካከል በሜዳ ላይ ቆሟል።

ውጥረት ሁሉ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሕፃናት እድገት ሳይንሳዊ ምክር ቤት ውጥረትን በሦስት ይከፍለዋል፦ የሚያጎለብት፣ የሚቻልና መርዛማ። ሁለተኛውን ከሦስተኛው የሚለየው የችግሩ ክብደት ብቻ ሳይሆን ልጁን የሚደግፍ አዋቂ መኖር አለመኖሩ ነው። የቤተሰብ አስተርጓሚነት ክፉ ጎኑ እዚህ ላይ ነው፦ ልጁን ሊያጽናና የሚገባው አዋቂ ራሱ በልጁ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ተጽናኝ ይሆናል። በተደጋጋሚ የሚመጣ ውጥረት ደግሞ ይጠራቀማል። ብሩስ ማክኢዌንና ኤሊዮት ስቴላር በ1993 እንዳስገነዘቡት፣ ሰውነት ራሱን ለማስተካከል በየጊዜው የሚከፍለው ዋጋ ውሎ አድሮ ሰውነትን ራሱን ያደክመዋል።

የሚጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። አሜሪካ ያደገ ታዳጊ የቤት አማርኛ ያውቃል። ጉበትን ከዱለት ያውቀዋል፤ ቆሽትን ግን ማን ነግሮት ያውቃል? ዋስትና፣ ውክልና፣ ይግባኝ የሚሉትን ቃላት በየትኛው ማዕድ ላይ ሰማ? እናት ለሐኪሙ "ሆድ ብሶኛል" ስትል ስለ ሐዘኗ መናገሯ ነው፤ ልጁ ግን ሆዷን አሟታል ብሎ ቢተረጉም ማን ይፈርድበታል? የመንፈስ ጭንቀት የሆድ ሕመም ሆኖ በመዝገብ ይሰፍራል፤ መድኃኒቱም በዚያው መሠረት ይታዘዛል።

ጉዳቱ በቁጥር ታይቷል። ግሌን ፍሎሬስና ባልደረቦቹ በ2003 ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በ13 የሕፃናት ሕክምና ቀጠሮዎች ላይ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ መካከል የተደረገውን ትርጉም ቀርጸው መረመሩ። በአማካይ በአንድ ቀጠሮ 31 ስሕተት ተገኘ፤ ከስሕተቶቹ 63 በመቶው በታካሚው ላይ የሕክምና መዘዝ ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። ይህ ድርሻ የሆስፒታል አስተርጓሚዎች በሠሩት ስሕተት 53 በመቶ ሲሆን፣ በአጋጣሚ የተገኙ ሰዎች በሠሩት ግን 77 በመቶ ነበር። በአጋጣሚ ከተገኙት አስተርጓሚዎች አንዱ የ11 ዓመት ልጅ ነበር።

ከስሕተቱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ከስሕተቱ ይከፋል። እናት ብትሞት፣ አባት ጉዳዩን ቢረታ፣ ቤተሰቡ ከቤት ቢወጣ ታዳጊው ጥፋቱን ለራሱ ይወስደዋል። "ያን ቃል በትክክል ተናግሬው ቢሆን" የሚል ጥያቄ ይዞ ያድጋል። ይህን ጥያቄ በልጅ ልብ ውስጥ የሚተክል ተቋም ኃላፊነቱን ከራሱ አውርዶ ለሕፃን አሸክሟል።

ሕጉ ያውቃል፤ ሲያሻው ይረሳል

የአሜሪካ ሕግ ስለ ታዳጊ አእምሮ አላዋቂ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2005 በሮፐር እና ሲመንስ መዝገብ፣ ወንጀሉን ሲፈጽም ከ18 ዓመት በታች የነበረ ሰው በሞት እንዳይቀጣ ወስኗል። ምክንያቱም ታዳጊዎች ያልበሰሉ፣ ለውጭ ጫና የተጋለጡና ጠባያቸው ገና ያልጸና መሆናቸው ነው። በ2010 በግራሃም፣ በ2012 በሚለር መዝገቦች ይህንኑ መርሕ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲያሰፋ ስለ አንጎል የሚናገረውን ሳይንስ በግልጽ ጠቅሷል። ታዳጊው ሲያጠፋ ሕጉ "ይህ ልጅ ነው" ይላል። ታዳጊው ሲጫንበት ግን "ይህ አስተርጓሚ ነው" የሚል አሠራር በዝምታ ይታለፋል። ያው አንጎል፣ ያው ዕድሜ፣ ሁለት መስፈርት።

በጤናው ዘርፍ ክልከላ አለ። የጤና ሽፋን ሕጉ አንቀጽ 1557ን ለማስፈጸም በ2016 የወጣው ደንብ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ አስተርጓሚነት እንዳይመኩ ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታው ለሕይወት ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ድንገተኛ አደጋ ደርሶ ብቁ አስተርጓሚ ወዲያው ሲታጣ ብቻ ነው። በ2024 የወጣው ደንብም ክልከላውን አጽንቶታል። ችግሩ ይህ ደንብ እንጂ ምክር ቤት ያጸደቀው የሕግ ድንጋጌ አለመሆኑ ነው። አስተዳደር የጻፈውን አስተዳደር ሊያነሣው ይችላል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 13166 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በበቂ ለማይናገሩ ሰዎች አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2025 የሮፐር ውሳኔ 20 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው ትእዛዝ ቁጥር 14224 ያንን ትእዛዝ ሻረው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ ስድስት አሁንም አለ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 በአሌክሳንደር እና ሳንዶቫል መዝገብ፣ ሆን ተብሎ ያልተደረገን ነገር ግን በውጤቱ የሚያበላልጥን አሠራር በመቃወም ግለሰብ በዚህ ምዕራፍ መክሰስ እንደማይችል ወስኗል። ስለዚህ መብቱ በወረቀት ላይ ይኑር እንጂ የማስከበሩ ቁልፍ በፌዴራሉ አስተዳደር እጅ ነው፤ ያ አስተዳደር ፊቱን ባዞረ ጊዜ ቤተሰቡ በር የሚያንኳኳበት ቦታ ያጣል።

የከተማና የግዛት ምክር ቤቶች ሚና እዚህ ላይ ይጀምራል። የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች የቃል ትርጉም እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በሚናገረው ቋንቋም ዋና ዋና ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያዝዛል። አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አቤቱታም ለከተማዋ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ይቀርባል። ይህ የማኅበረሰቡ የረጅም ጊዜ ትግል ፍሬ ነው፤ ነገር ግን የሚገዛው የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች እንጂ ማንኛውንም የግል ሐኪም ቤት ወይም አከራይ አይደለም። የከተማዋን ወሰን አልፎ ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ቨርጂኒያ የተሻገረ ቤተሰብም ይህን ሕግ ይዞ አይሻገርም።

የሚነሡት መከራከሪያዎች

የመጀመሪያው መከራከሪያ "ማስተርጎም ልጅን ያጠነክራል" ይላል። በውስጡ እውነት አለ። እንደ ማርጆሪ ኦሬያና ያሉ ተመራማሪዎች ልጆች በማስተርጎም የቋንቋ ችሎታ፣ የራስ መተማመንና የቤተሰብ ፍቅር እንደሚያተርፉ ጽፈዋል። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ሥራውን እንደ ሸክም በሚያዩት ታዳጊዎች ላይ የድብርት ምልክት በርትቶ አግኝተዋል። ሁለቱ አይጣሉም። በገበያ ዋጋ መጠየቅ፣ ለአያት ደብዳቤ ማንበብ፣ የአውቶቡስ መስመር መጠቆም ልጅን ያጎለብታል። ካንሰርን ማርዳት፣ በእናት ላይ የተፈጸመን ጥቃት ለፖሊስ መተርጎም፣ የአባትን የፍርድ ቃል መንገር ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉ የሚከለክለው ሁለተኛውን ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከራሱ ከማኅበረሰቡ ይመጣል፦ "ገመናችንን ባዕድ አስተርጓሚ ከሚሰማው ልጃችን ቢሰማው ይሻላል።" የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፤ አስተርጓሚው የዕድር አባል ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። መፍትሔው ግን ምስጢር በመጠበቅ ግዴታ የታሰረ፣ ካስፈለገም ከሌላ ከተማ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚያስተረጉም ባለሙያ ነው። እናት ስለ ማሕፀኗ፣ አባት ስለ ድብርቱ በ13 ዓመት ልጁ ፊት ይናገራል ብሎ የሚያስብም የሐበሻን ቤት አያውቅም። ልጅ ባለበት ብዙው ነገር ሳይነገር ይቀራል፤ ሐኪሙም ያልተነገረውን አያክምም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ገንዘብ ነው። አስተርጓሚ ዋጋ ያስከፍላል፤ ልጅ ነፃ ነው። ይህን በይፋ የሚናገር ተቋም ጥቂት ነው፤ በተግባር የሚኖርበት ግን ብዙ ነው። ግዛቶች በሜዲኬይድ ለሚሰጥ የቃል ትርጉም የፌዴራሉን መንግሥት ድርሻ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለአገልግሎት ሰጪዎች ለይተው እንዲከፍሉ ግን አይገደዱም። በመሆኑም ብዙ ሐኪሞች ወጪውን ከኪሳቸው እንዲሸፍኑ ይተዋሉ፤ ሐኪሙም ወደ ልጁ ይመለከታል። ሒሳቡ አልተሰረዘም፤ ከተቋሙ መዝገብ ወደ ልጁ አካል ተዛውሯል እንጂ።

ምን ይደረግ

አንደኛ፣ የግዛትና የከተማ ምክር ቤቶች በአንቀጽ 1557 ደንብ ያለውን ክልከላ የራሳቸው ሕግ ያድርጉት። ክልከላው ከሐኪም ቤት አልፎ ፖሊስን፣ የሕፃናት ጥበቃን፣ የመኖሪያ ቤት ክርክርን፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎትንና የልዩ ድጋፍ ትምህርት ስብሰባን ይሸፍን። የድንገተኛ አደጋ ልዩ ሁኔታ ይኑር፤ ነገር ግን ብቁ አስተርጓሚ እስኪገኝ ድረስ ብቻ።

ሁለተኛ፣ ግዴታው ከቀጠሮ ይጀምር። የታካሚው ወይም የባለጉዳዩ ቋንቋ በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ተመዝግቦ አስተርጓሚው ከቀጠሮው ጋር አብሮ ይያዝ። ቤተሰቡ በሩ ላይ ደርሶ "ልጅሽ ትረዳን" የሚባልበት ምክንያት አይኑር።

ሦስተኛ፣ ግዛቶች በሜዲኬይድ ለአስተርጓሚ አገልግሎት በቀጥታ ይክፈሉ። ያለ በጀት የሚወጣ ክልከላ ሐኪሙን ይቀጣል እንጂ ልጁን አያድንም።

አራተኛ፣ መብቱ ቁልፍ ይኑረው። ሳንዶቫል የዘጋውን በር የግዛት ሕግ ሊከፍተው ይችላል፤ ስለዚህ ረቂቁ ቤተሰቦች አቤቱታ የሚያቀርቡበትንና የሚከሱበትን መብት በግልጽ ያስፍር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ባስተረጎመ ቁጥር ተቋሙ ምክንያቱን ጽፎ እንዲመዘግብም ያስገድድ። ያልተመዘገበ ጉዳት እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

አምስተኛው ጥያቄ ለማኅበረሰቡ ነው። ዕድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የመረዳጃ ማኅበራት ለአዋቂ አስተርጓሚዎች ሥልጠና የመንግሥት ድጋፍ ይጠይቁ፤ ወላጆችም "አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲለማመዱ ያግዙ። ልጅን በአደባባይ በአስተርጓሚነቱ ማመስገን ይቅር። ምስጋናው እምቢ ለማለት የሚፈልገውን ልጅ አፍ ይዘጋዋል።

በጀት የሚያዘጋጁና ረቂቅ የሚጽፉ የምክር ቤት ባልደረቦች ከፊታቸው ያለው ምርጫ ግልጽ ነው። ያቺ የ14 ዓመት ልጅ በሚቀጥለው ቀጠሮም ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ አለዚያ ትምህርቷ ላይ ትሆናለች፣ እናቷም ዜናውን ከሠለጠነ አዋቂ ትሰማለች፤ ማታም ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ታለቅሳለች። ለማልቀስ ጊዜ የሚሰጥ ሕግ ብዙ አይጠይቅም። በወንበሩ ላይ አንድ አዋቂ እንዲቀመጥ ብቻ ያዛል።